ከጉሮሮ የሚነሣ የልብ ሕመም

የልብ ሕመም ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት፣ «ቅባት ቀንስ» የተባለ ሰው ነው። ይህኛው ሕመም በአገራችንም እየበዛ መጥቷል፤ ራሱን የቻለ ወግ ስለሚፈልግ ዛሬ አልነካውም። የማወራችሁ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ሦስት ደረጃ ወጥተው ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው፣ ሌሊቱን ትራስ ደራርበው ተደግፈው ስለሚያነጉት ልጆች ነው። የእነሱን ልብ የጎዳው ቅባት አይደለም። ከዓመታት በፊት ይዟቸው የነበረ፣ ራሳቸውም ቤተሰባቸውም የረሱት የጉሮሮ ሕመም ነው።

ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ነገሩ የሚጀምረው በአብዛኛው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። «ቶንሲል ነው» ይባላል። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እዚያ ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት ይዳረጋል እንጂ ጀርሙ ከጉሮሮው አይነቀልም። እርግጥ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ የሚያመጣው፣ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣውም ቢሆን በጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ልጁ ኳሱን ይዞ ይወጣል፣ እናቱም «እሰይ ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

መዘዙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልጁን ልብና መገጣጠሚያ ከባክቴሪያው ጋር ያምታታና የገዛ አካሉን ማጥቃት ይጀምራል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ዛሬ ጉልበቴን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቴን፣ ቀጥሎ ክርኔን ይላል። «ብርድ መቶት ነው»፣ «ምች ነው» ተብሎ በመታሸትና በላብ ይታለፋል። ቁርጥማቱ እውነትም ይለቃል። ልቡ ላይ ያረፈው ግን አይለቅም። የጉሮሮ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጉዳቱ በጉዳት ላይ ይደራረባል። በብዛት የሚጎዳው በልብ ግራ ወገን ያለው ማይትራል የተባለው ቫልቭ ነው፤ እንደ ተጣመመ በር ወይ በደንብ አይከፈትም፣ ወይ ገጥሞ አይዘጋም። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ልብም በማይችለው ሸክም እየደከመ ይሄዳል።

እንግዲህ ተመራማሪዎችን ለብዙ ጊዜ ያስቸገራቸው በልጁ ጉሮሮና በወጣቱ ድካም መካከል ያለው ረጅም ዝምታ ነው። ልጁ ይማራል፣ ይሮጣል፣ ከብት ይጠብቃል፤ የሚያመው ነገር የለም። በአውሮፓውያን 2007 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ጥናት ይህን ዝምታ ሰበረው። በካምቦዲያና በሞዛምቢክ የተማሪዎች ልብ መጀመሪያ በማዳመጫ፣ ቀጥሎ በልብ አልትራሳውንድ ታየ። በሞዛምቢክ በማዳመጫ የተገኙት ከሺህ ልጅ 2 ገደማ ሲሆኑ በአልትራሳውንድ የተገኙት 30 ነበሩ። ልምድ ያለው ሐኪም ጆሮ ያልሰማውን መሣሪያው አየው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኬፕታውን፣ እኛ ጋ ደግሞ በጅማ ምንም የሕመም ስሜት የሌላቸው ልጆች በዚሁ መንገድ ተመረመሩ። በጅማ የተገኘው ከሺህ 30 ገደማ ነው። አንድ ሺህ ተማሪ ያለውን ትምህርት ቤት አስቡት፤ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ከቆሙት መካከል ሠላሳው።

እነዚህን ልጆች ካገኘናቸው በኋላ ግን ምን እናድርጋቸው? ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ፔኒሲሊን መርፌ በየአራት ሳምንቱ መስጠት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሕክምና ነው። ይሰጥ የነበረው ግን ሕመሙ ታይቶ ለታወቀባቸው ነው። ምንም ሳያመው በምርመራ የተገኘውን ልጅ በየወሩ ዳሌውን መውጋት ይጠቅመዋል? ወይስ ያለ ምክንያት ማሳመም ነው? መልሱን የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዳንዱ ሐኪም ይወጋ ነበር፣ አንዳንዱ ይጠብቅ ነበር።

መልሱ የመጣው ከጎረቤታችን ከኡጋንዳ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ አካባቢ፣ የኡጋንዳው የልብ ሐኪም ኤሚ ኦኬሎና አሜሪካዊቷ አንድሪያ ቢተን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ102 ሺህ በላይ ልጆችን በአልትራሳውንድ መረመሩ። እኔን የደነቀኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ የመቶ ሺህ ልጅ ልብ ማየት! ከእነዚህ መካከል ድብቅ ጉዳት መኖሩ የተረጋገጠባቸው 818 ልጆች ወላጆቻቸው ፈቅደው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለሁለት ዓመት በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጉ፤ ሌሎቹ ያለ መርፌ ክትትል ተደረገላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁሉም ልብ እንደገና ታየ። መርፌ ካልወሰዱት መካከል ጉዳቱ የባሰባቸው 33 ሆኑ። ከወሰዱት መካከል ሦስት ብቻ። በመቶኛ ሲሰላ 8.2 በአንድ ወገን፣ 0.8 በሌላው ወገን መሆኑ ነው። ውጤቱ በ2021 መጨረሻ ይፋ ሲሆን የዓመታቱ ክርክር ትልቁ ክፍል ተዘጋ።

እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ልንገራችሁ። ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ልጆች መርፌ ወሰዱም አልወሰዱ በምርመራ የታየባቸው ለውጥ ተሻሽሏል። ስለዚህ የተገኘ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ወላጅም ልጄ አለቀብኝ ብሎ ሊደነግጥ አይገባም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ እንዳይብስበት ለሁለት ዓመት አሥራ ሦስት ልጆችን መውጋት ያስፈልጋል። የቱ ልጅ ይብስበታል የቱስ ይሻለዋል የሚለውን አስቀድሞ የሚለይ መንገድ ገና አልተገኘም። እኔ ግን የዚያ አንድ ልጅ ዕጣ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ መሆኑን ሳስብ፣ አሥራ ሦስት መብዛቱ አይታየኝም።

በጉሉ መርፌ የታዘዘላቸው ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀጠሯቸውን አክብረዋል። ይህ በዕድል የመጣ አይደለም፤ ልጆቹና ወላጆቻቸው የሚገናኙበት ቡድን ነበራቸው፣ የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበራቸው። ጥናት በሌለበት በተለመደው ኑሮ ግን መርፌው የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርት ውድ ነው፣ ልጁም «ደህና ነኝ፣ ለምን እወጋለሁ» ይላል። መድኃኒቱ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በጣም ርካሽ በመሆኑ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ሰውን በርካሽ ዋጋ የሚያድን መድኃኒት ትርፍ ስለማያመጣ ብቻ ከመደርደሪያ መጥፋቱ ያንገበግበኛል።

ሌላው ፍርሃት ነው። «እገሌ ፔኒሲሊን ተወግቶ ሞተ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም፤ ከዚህ የተነሣ መርፌውን ለመስጠት የሚፈራ ባለሙያም አለ። ከባድ አለርጂ በእርግጥ አለ፣ ግን ብርቅ ነው፤ በጉሉ ጥናት አንድ ልጅ ላይ ብቻ ታይቶ ቀለል ያለ ነበር። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ግን ነገሩን በአዲስ ዓይን አሳየን። ከመርፌ በኋላ ከሞቱት አንዳንዶቹ አለርጂ ሳይሆን ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ የተጎዳ ነበር፤ ሕመሙና ድንጋጤው የደም ግፊታቸውን ድንገት ሲጥለው የደከመው ልብ ሊቋቋመው አልቻለም። ስለዚህ ቫልቩ በጣም የጠበበበት ወይም ልቡ የደከመ ሕመምተኛ በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብለት ማኅበሩ ይመክራል። ለሌላው ግን መርፌው ይቀጥል፤ ውሃ ጠጥቶ፣ ባዶ ሆዱን ሳይሆን፣ ተኝቶ ይወጋ። እኅቶቼ ነርሶች፣ ወንድሞቼ የጤና መኮንኖች፣ ይህን ለይታችሁ ብትነግሩት ብዙ ሰው ከፍርሃቱ ይመለሳል።

ሕመሙ ከገፋ በኋላ ስለሚሰጠው መድኃኒትም አንድ ልጨምር። ቫልቩ የጠበበ ልብ ምቱ ይዛባል፣ በውስጡ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። ለዚህ የሚሰጠው የቆየ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን አስቸጋሪ ነው፤ ልኩን ለማወቅ ደም እየተቀዳ መታየት አለበት፣ ከጎመንና ከሌሎች መድኃኒቶችም ጋር አይስማማም። ሪቫሮክሳባን የሚባለው አዲሱ መድኃኒት ይህ ችግር በአብዛኛው የለበትም፤ ስለዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ አያንስም ተብሎ ተጠበቀ። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2022 ሲወጣ ውጤቱ ተቃራኒው ሆነ፤ በዋርፋሪን ወገን ያሉት መድኃኒቶች ከተሰጧቸው ውስጥ የሞቱት ያንሳሉ። በሀብታም አገር ሽማግሌዎች ላይ ተፈትኖ የተመሰገነ መድኃኒት ለእኛ ሕመምተኛ ያንኑ ያደርጋል ብሎ መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ይህ አሳይቷል። ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ቢኖር ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትቀይሩ።

ሴቶች በዚህ ሕመም ይበዛሉ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን ከ3,300 በላይ ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ሁለት ሦስተኛዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ ሞቱ፣ የሟቾቹም መካከለኛ ዕድሜ 29 ዓመት ገደማ ነበር። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት የሚዞረው ደም በጣም ይጨምራል፤ ጠባቡ ቫልቭ ያን ማሳለፍ ያቅተዋል። ብዙ ሴት ልቧ እንደታመመ የምታውቀው ነፍሰ ጡር ሆና ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ያ ድካም «የእርግዝና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ የሚቀረው በፊኛ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ማኅበር ጥረት የተሠራው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በ2009 ሲከፈት፣ እስከዚያ ለቀዶ ሕክምና ውጭ አገር መላክ ግድ ይሆንባቸው ለነበሩ ልጆች ትልቅ ተስፋ ነበር። ዛሬም ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር ነው። በዚያ ወረፋ ላይ ያሉትን ማከም ግዴታችን ነው፤ ወረፋውን የሚያሳጥረው ግን ጤና ጣቢያው ነው። ኩባ ይህን አድርጋ አሳይታለች። ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገሯ ከ1986 እስከ 1996 ባለሙያ አሠልጥና፣ ሕዝቡን አስተምራ፣ ሕመምተኛውን መዝግባ መርፌውን ሳታቋርጥ ስትሰጥ፣ በተማሪዎች መካከል የነበረው ሩማቲክ የልብ ሕመም ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ከአፍሪካ ኅብረት ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የተስማሙባቸው ሰባት ተግባራትም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ መመዝገብ፣ ፔኒሲሊን እንዳይጠፋ ማድረግ፣ እናቶችን መከታተል ይገኙባቸዋል።

ልጃችሁ ድንገት ጉሮሮውን ቢያመው፣ ቢያተኩሰው፣ ሳልና ንፍጥ ግን ባይኖረው በቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ወደ ልብ የሚሄደውን መንገድ መዝጋት ይቻላል። መገጣጠሚያው እየተዛወረ የሚያመው ልጅ ቀደም ሲል ጉሮሮውን አሞት ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ። መርፌ የታዘዘለት ደግሞ ስለተሻለው አያቁም፤ ልቡ የተነካ ልጅ ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስደው ይችላል፣ የሚያበቃበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ፔኒሲሊኑን በብዛት ከቆዳ ሥር በማስገባት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥበትን መንገድ እየሞከሩ ነው። በኡጋንዳም የሚዋጠው ፔኒሲሊን ድብቅ ጉዳት ላለባቸው ልጆች የመርፌውን ያህል ይሠራ እንደሆነ የሚመረምር ሌላ ጥናት ተጀምሯል። እስከዚያው ቀጠሮው በየአራት ሳምንቱ ነው።