«የእኛ ሰው ነውን?» ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምርጫ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የአንድን ስፍራ ጉዳይ የሚያውቀው የዚያው ስፍራ ሰው ነው ማለታቸው ነው። ምሳሌው እውነትነት አለው። ነገር ግን «የአገሩ በሬ የትኛው ነው?» የተባለ እንደ ሆነ ክርክር ይነሣል። በዚያው መንደር ተወልዶ ያደገ፣ ነገር ግን የቆዳው መልክ ወይም የአባቱ ሃይማኖት ከብዙዎቹ የተለየ ሰው ለሹመት ቢወዳደር የአገሩ ልጅ ተብሎ ይቈጠራልን? ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ጥያቄ ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከአሜሪካ፣ ይልቁንም ወግ አጥባቂ ከሚባለው ከደቡቡ ክፍል ነው፤ በዚያ አገር ምርጫ ከ200 ዓመታት በላይ ሲደረግ ስለ ኖረና የሕዝቡም ድምፅ በቍጥር ተጽፎ ስለሚገኝ ነገሩን ለመመርመር ያመቻል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለማናቸውም የመንግሥት ሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይደረግ በ6ኛው አንቀጽ ይከለክላል። በ1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ ደግሞ ማንም ዜጋ በዘሩ ወይም በቆዳው መልክ ምክንያት ድምፅ ከመስጠት እንዳይከለከል ያዝዛል። በዚያው ዓመት ሂራም ሬቭልስ የተባሉ ጥቁር ቄስ ከሚሲሲፒ ተልከው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጡ። ከእርሳቸው በኋላ ብላንች ብሩስ የተባሉ ሌላ ጥቁር ሰው ከዚያው ከሚሲሲፒ ተመርጠው እስከ 1881 ድረስ አገለገሉ። ሕጉ ሥራውን የፈጸመ መስሎ ነበር።

ነገር ግን ሚሲሲፒ በ1890 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው የራስ ግብር እንዲከፍል፣ ሕገ መንግሥቱንም አንብቦ ወይም ሲነበብለት ሰምቶ እንዲያስረዳ ታዘዘ። አስረድቷል ወይስ አላስረዳም ብሎ የሚፈርደው መዝጋቢው ሹም ነበረ። «ጥቁር» የሚል ቃል ሳይጻፍ ጥቁሮቹ ከመዝገቡ ወጡ። ሌሎቹም የደቡብ ክፍሎች ይህን የመሰለ ሕግ አወጡ። ይህ አሠራር በብርቱ የተሰበረው በ1965 የወጣው የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ከታወጀ በኋላ ነው። ከሚስተር ብሩስ በኋላ ከደቡቡ ክፍል ሌላ ጥቁር ሰው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የተቀመጠው በ2013 ነው፤ እርሳቸውም የደቡብ ካሮላይናው ሚስተር ቲም ስኮት ናቸው። በመካከሉ ከ130 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

ሁለተኛው የሃይማኖት ነገር ነው። በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ የነበሩት ሚስተር አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነበረ። የዴሞክራቶች ወገን ርስት ይባሉ የነበሩት ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና በዚያ ዓመት ፊታቸውን አዞሩባቸው። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ የመጠጥ ክልከላውን ሕግ በመቃወማቸውና የትልቅ ከተማ ሰው በመሆናቸው የጠሏቸውም ነበሩ። ቢሆንም በብዙ ስፍራ «ካቶሊክ ቢነግሥብን የሮማው ጳጳስ ይገዛናል» እየተባለ ይሰበክ ነበር።

ከ32 ዓመታት በኋላ ሌላው ካቶሊክ፣ ሚስተር ጆን ኬኔዲ፣ ተነሡ። በግንቦት ወር 1960 ካቶሊኮች እጅግ ጥቂት በሆኑባት በዌስት ቨርጂኒያ ለወገናቸው እጩነት ሲወዳደሩ ጥያቄውን አልሸሹትም። ታላቅ ወንድማቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኀይል በረራ ላይ ሞቶ ነበርና፣ ወደ መጨረሻው በረራ ሲወጣ ሃይማኖቱ ምን እንደ ሆነ የጠየቀው ማንም እንዳልነበረ ለሕዝቡ ተናገሩ። ከመቶ 60 የሚሆነውን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በመስከረም ወርም በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ በፕሮቴስታንት ቄሶች ጉባኤ ፊት ቆመው የካቶሊኮች እጩ እንዳልሆኑ፣ ነገር ግን የዴሞክራቶች እጩ ሆነው ሃይማኖታቸው ካቶሊክ መሆኑን አስረዱ። በኅዳር ወር ቴክሳስ ድምፅዋን ለእርሳቸው ሰጠች።

እንግዲህ ሕግ ከተፈቀደ፣ ተወዳዳሪውም ደፍሮ ከተናገረ፣ ነገሩ ሁሉ ይቃናል ማለት ነውን? አይደለም። ሰው በአደባባይ የሚናገረውና ብቻውን ሆኖ በወረቀት ላይ የሚያደርገው ምልክት አንድ ላይሆን ይችላል። በ1989 የባሮች የልጅ ልጅ የሆኑት ሚስተር ዳግላስ ዋይልደር ለቨርጂኒያ አገረ ገዥነት ተወዳደሩ። ድምፅ ሰጥተው የወጡ ሰዎች ሲጠየቁ በሰጡት መልስ መሠረት ሚስተር ዋይልደር በሰፊ ልዩነት የሚያሸንፉ መስለው ነበር። ቍጥሩ ሲታይ ግን ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ከሆነው ድምፅ የበለጡት ከ7 ሺህ በማይሞላ ብቻ ነበረ። በአሜሪካ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ሆኑ፤ ሆኖም በመራጩ አፍና በመራጩ እጅ መካከል ያለውን ርቀት ያ ቀን ለሁሉ አሳየ።

ደግሞም ነጭም ጥቁርም ያልሆኑ አሉ። የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ኒኪ ሄሊ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑ የሕንድ ሰዎች ልጅ ናቸው። በሕፃንነታቸው በትንሿ ከተማቸው የቁንጅና ውድድር ገብተው፣ አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር ንግሥት ብቻ ይመረጥ ስለ ነበር ከሁለቱም ወገን የሚያስገባቸው ጠፍቶ ከውድድሩ እንደ ወጡ ራሳቸው ተናግረዋል። ወይዘሮ ሄሊ ካደጉ በኋላ ክርስቲያን ሆኑ። በ2010 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ አንድ የግዛቱ የምክር ቤት አባል በዘራቸው ሰደባቸው፤ እርሳቸው ግን አሸነፉ። ቀደም ሲል የጠቀስናቸውን ሚስተር ስኮትን በመጀመሪያ የሾሙት እኒሁ ወይዘሮ ናቸው። በሉዊዚያናም የሂንዱ ወላጆች ልጅ የሆኑትና በወጣትነታቸው ካቶሊክ የሆኑት ሚስተር ቦቢ ጂንዳል በ2003 ተሸንፈው በ2007 አሸንፈዋል።

በእነዚህ ሰዎች ልብ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለንም፤ እምነት በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነው። ድል ማድረጋቸውም ወግ አጥባቂው መራጭ በዘር ብቻ እንደማይፈርድ፣ አሳቡን የሚጋራለትን ሰው እንደሚቀበል ያስረዳናል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውለናል። በዘር የተለየው ሰው በሃይማኖት አንድ ሲሆን መንገዱ ይቀለዋል፤ በሁለቱም የተለየ እንደ ሆነ ግን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ኬላ ይጠብቀዋል። በኬላውም የሚጠየቀው «ምን ልትሠራልን ትችላለህ?» ተብሎ ሳይሆን «የእኛ ሰው ነህን?» ተብሎ ነው።

በ2008 ሚስተር ባራክ ኦባማ ሲወዳደሩ «እስላም ናቸው» የሚል ወሬ ይነዛ ነበር። ብዙዎች «አይደሉም፣ ክርስቲያን ናቸው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ከተቃራኒው ወገን የነበሩት ጄኔራል ኮሊን ፓወል ግን፣ ክርስቲያን ናቸው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ትክክለኛው መልስ «ቢሆኑስ ምን አለበት?» የሚለው መሆኑን በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ተናገሩ። በጦርነት ስለ ሞተ አንድ ወጣት እስላም ወታደርና እናቱ በመቃብሩ ላይ ስለ ማዘንዋም አወሱ። ሚስተር ኬኔዲ ስለ ወንድማቸው የተናገሩት ቃል ከ48 ዓመታት በኋላ ለሌላ ሃይማኖት ልጅ ተመልሶ መጣ። ያችው ቨርጂኒያም በ2025 ወይዘሮ ጋዛላ ሃሽሚ የተባሉ፣ በሕንድ የተወለዱ እስላም ሴት ምክትል አገረ ገዥ አድርጋ መርጣለች።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ይህን ሁሉ ስናነብ በሩቅ አገር ሰዎች ላይ መፍረድ ቀላል ሆኖ ታየን። ከዚያ በኋላ ግን ያለፈው ዓመት ትዝ አለንና አፈርን። የክፍል አለቃ ስንመርጥ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ከሁላችን ቀድሞ የሚመጣ፣ ስንጣላ የሚያስታርቀን፣ የደከመውን የሚያስጠና ልጅ ነበረ። ሃይማኖቱ ግን ከብዙዎቻችን ይለያል። በፊቱ «አንተን ነው የምንመርጥ» አልነው። ከኋላው ግን «ጧት በጸሎት ጊዜ በፊታችን ማን ሊቆም ነው?» ተባባልን። ጸሎቱን የሚመራው መምህራችን እንጂ የክፍል አለቃ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወረቀቱ ሲቈጠር ከ38 ድምፅ 9 አገኘ። እርሱም ከሁሉ ቀድሞ ለአሸናፊው አጨበጨበ።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ወደ እርሱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ፈገግ አለና «እኔ የጠየቅኋችሁ ድምፃችሁን ነበር እንጂ ይቅርታችሁን አይደለም» አለን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

በአገራችን «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ቃሉን በቃላችን ይዘነዋል፤ በእጃችን ግን ገና አልጻፍነውም። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው፣ ስለ አንድ ጓደኛችን ስናወራችሁ «የማን ልጅ ነው? ሃይማኖቱስ ምንድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ጠባዩ እንዴት ነው? ምን ያውቃል?» ብላችሁ እንድትጠይቁን ነው። እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ስንወጣ ድምፅ የምንሰጥ ዜጎች እንሆናለን። ማንም በማያየን ስፍራ ወረቀቱን ስንይዝ ያንን ልጅ እናስበዋለን።