ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የሚያፋታው ግን ፍርድ ቤት ነው
የዛሬው ርዕሳችን የፍቺ አቤቱታ አጻጻፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት የደወሉልን አንዲት እናት ግን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምታነሱትን ነገር ጠይቀውናል፤ ከእሱ ልጀምር። «ሽማግሌዎች ካፋቱን ሁለት ዓመት ሆነን። ልጄ ሰባት ዓመት ሞላው፤ አባቱ ከእንግዲህ የእኔ ነው ይለኛል። ልስጠው ወይ?» ነው ያሉት።

እህቴ፣ መጀመሪያ ነገር፣ ሽማግሌ አያፋታም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ብቻ ነው። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሽማግሌ ፊት የተፈራረማችሁትን ስምምነት ፍርድ ቤት አቅርባችሁ ማጸደቅ ትችላላችሁ፤ ሳይጸድቅ ግን ፍቺ አይባልም። አንዱ ወገን ብቻ አቤቱታ ቢያቀርብ እንኳ ዳኛው መጀመሪያ ያነጋግራችኋል፤ ራሳችሁ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊመራችሁ ወይም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። እርቅ ከሌለ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል።

ታዲያ ሽማግሌ ያፋታል፣ ልጅም ዕድሜው ሲደርስ የአባቱ ነው የሚለው እምነት ከየት መጣ? እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ጋር ይቆይ የሚለውም ያው ሕግ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከሜዳ አልፈጠረውም፤ አያቶቻችን የተዳኙበትን ነው የሚያስታውሰው። ያ ሕግ ከተለወጠ ግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል!

ወደ ልጁ ነገር ስመለስ፣ በዛሬው ሕግ ልጅ ይህን ያህል ዓመት ስለሞላው ብቻ ለአባት ወይም ለእናት የሚሰጥበት ደንብ የለም። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ጤና፣ ዕድሜና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጅ ያሳደገች አክስትና ወላጅ አባት ሲከራከሩ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቲቱ ወስኗል። መሠረቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው።

ዳኛው ልጁን ስለሚያነጋግርበት ጊዜ ደግሞ ወላጆችን ልቆጣ። ችሎት በር ላይ የልጃቸውን ኮሌታ እያስተካከሉ «ዳኛው ሲጠይቁህ አባቴን አልወደውም በል» ብለው የሚያስጠኑ አይቻለሁ። ልጁ ዳኛው ክፍል ገብቶ እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ያንኑ ያነበንበዋል። የተጠና ቃል ከዳኛ አይሰወርም፤ የሚጎዳው ልጁ ነው። እባካችሁ ተዉ!

ሰዓቴ ስላለቀ ስለ አቤቱታው የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የጋብቻና የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገቢና የንብረት ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብና ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይ ትእዛዝ እንዲሰጣችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ቀለብ አልተከፈለኝም ብላችሁ ልጅ ከአባቱ እንዳይገናኝ አትከልክሉ፤ ለዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ።

እህቴ፣ ልጅዎን በዕድሜው ብቻ አሳልፈው የሚሰጡበት ሕግ የለም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ አባትየውም ጥያቄ ካለው እዚያው ያቅርብ።