ከምድር በታች ባሉ መኪና ማቆሚያዎች ስላለው አየር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ተወልጄ ባደግሁባት በሰቆጣ ከሰል የሚቀጣጠለው በደጅ ነው። እናቶቻችን ጢሱ አልቆ ፍም እስኪሆን ድረስ ምድጃውን ወደ ቤት አያስገቡም። ጢሱን መሸሻቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጢስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ ይተፋል። በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚሁ ነው።

ይህንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ከምድር በታች የምንሠራቸው መኪና ማቆሚያዎች ያው የተዘጋ ቤት ናቸው፤ ሞተሩም ያው ምድጃ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የመስቀል አደባባይ ማቆሚያ የመሰሉ ሰፋፊ ሥራዎች እየበዙ ሄደዋል። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ቢከለከልም፣ ቀድሞ የገቡት ገና ለብዙ ዓመት ይሽከረከራሉ።

ባለ መኪናው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ ትኬት ቆራጩና ዘበኛው ግን ቀኑን ሙሉ በዚያው ይውላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 15 ደቂቃ ለሚቆይ ሰው በሜትር ኩብ እስከ 100 ሚሊግራም ሲፈቅድ፣ 8 ሰዓት ለሚውል ግን ከ10 እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ስሌታችን ለባለ መኪናው ሳይሆን ለሠራተኛው ሊሆን ይገባዋል።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። የአምራቾች ሰንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ የተሰሉት ለባሕር ወለል ነው። ሰቆጣም ሆነች አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ የአየሩ ጥግግት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከጣሪያ ሥር የሚሰቀለው ማራገቢያ የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይደክማል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ነዳጁን በሚገባ ሳያቃጥሉ መርዙን ያበዛሉ። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በደም ላይ የሚጣበቀው ይህ ጋዝም፣ ኦክስጅን ባነሰበት አገር ይበረታል።

በእንግሊዝ አገር አሠራር የማቆሚያው አየር በሰዓት 6 ጊዜ፣ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ በሚሰለፉበት መውጫ ደግሞ 10 ጊዜ እንዲለወጥ ይጠየቃል። ቁጥሩን መቅዳት ብቻውን ግን አይበቃም። የጋዙ ክብደት ከአየር ጋር የተቀራረበ በመሆኑ ጠቋሚው መሣሪያ በወለል ላይ ሳይሆን ሰው በሚተነፍስበት ቁመት ይተከል። ማራገቢያው መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም ከመጠባበቂያ ጄኔሬተር ጋር ይያያዝ። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ እንዳይዘጋም በርክክቡ ሰነድ ይጻፍ።

እናቶቻችን ፍሙን ሲያስገቡ ዓይናቸውን አመኑ፤ መለኪያ አልነበራቸውምና አይወቀሱም። እኛ ግን መለኪያው በእጃችን ነው።