የተጉለቱ አወቀ እና የመቅደላው ንጉሥ
(ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ወጣቶች የቀረበ ዲስኩር)



ስለ አንድ ወጣት መሪ ላወራችሁ ነው። ይህ ሰው በእውነት አልኖረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የፈጠሩት ነው፤ ስሙም አወቀ ይባላል። ደራሲው ከደቡብ ወሎ ብዙም በማይርቀው በመርሐቤቴ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ በኋላ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በእንግሊዝ አገር አረፉ።

አወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ትምህርት ፍለጋ ፓሪስ ድረስ ይሄድና ዓመታት ቆይቶ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። ሠራዊት የለውም። ያለው የተማረው ነገርና የራሱ ኑሮ ብቻ ነው። ስለ ልማድ የሚነሣው ጠቡም የሚጀምረው ከሩቅ ጠላት ጋር ሳይሆን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዘመዶቹ መካከል ነው፤ በአባቱ ተዝካር፣ በራሱ ሠርግ። ነገሩ እያደገ ሄዶ የሃይማኖት አባቶች ተሰብስበው ስለ ልማዶች እስከሚመክሩበትና እስከሚወስኑበት ጉባኤ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ደራሲ ስለ ሥልጣኔ ሊጽፍ ተነሥቶ ለምን ተዝካርን መረጠ? ስለ ባቡር ወይም ስለ ፋብሪካ ሊጽፍ ይችል ነበር። ኅሩይ ያዩት ግን የአገራችን ሰው ሀብቱንም ፍቅሩንም የሚያፈስበትን ቦታ ነው። በእናንተ ደጋ በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንት፣ በከለላ የኖረ ሰው ይህ ይገባዋል። አባት ሲሞት ልጅ «ምን ይሉኛል» ብሎ የእርሻ በሬውን ያርዳል፣ እህሉን ለጠላ ያስፈጫል፣ ሲያንሰው ይበደራል። ክረምቱ ሲገባ ጥማድ ያጣል። ሟቹ በሕይወት ቢኖር ይህን ለልጁ አይመኝለትም። አወቀ የሞተን ማሰብ አልጠላም፤ የጠላው መታሰቢያው የቆመውን ሰው ሲያራቁት ማየትን ነው። ሙስሊሙ ወንድማችንም ሰደቃው ከእዝነት ወደ ፉክክር ሲሄድበት ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

«አዲስ ዓለም» እንደ ልብ ወለድ ሲመዘን ጉድለት አለበት። ብዙ ቦታ ላይ ስብከቱ ታሪኩን ይጫነዋል። ሆኖም ስለ መሪነት የያዘው ሐሳብ እስከ ዛሬ ያልደረስንበት ነው፦ ሥርዓት ለማምጣት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የራሱን ተዝካርና የራሱን ሠርግ ያስተካክል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን በጉባኤ ያሳምን።

ይህን የምለው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ አይደለም። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ምኞት ከአወቀ ምኞት አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ሽፍታው ይቅር፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ የባሪያ ንግድ ይቁም አሉ። ራሳቸውም ከወይዘሮ ተዋበች ጋር በቁርባን ጋብቻ ጸንተው ምሳሌ ለመሆን ሞከሩ። ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጡለት አሰቡ። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው ሥነ ምግባር አልነበረውም የሚል ካለ ታሪክ አላነበበም።

ግን ምን ሆነ? ምክር እየራቀ፣ ሰይፍ እየቀረበ ሄደ። በወሎ ላይ የዘመቱት ዘመቻ ተደጋገመ፤ የዚህ አገር ሰው እጅና እግር ተቆረጠ። በ1857 ዓ.ም. በዚያ ተይዘው የነበሩት የሸዋው ልዑል ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሲገቡ፣ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ይዘውት የነበረውን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። ሥርዓት ሊያመጣ የተነሣ ንጉሥ በሌላ ሰው ድርጊት የተናደደበትን ንዴት በአንድ እስረኛ ላይ ተወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ፣ ያ ሁሉ አገር ከእሳቸው ጋር አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ የደረሰው አቋርጦት የመጣው አገር ሕዝብ ስላልተዋጋው ነው። ስለ ጀግንነታቸው የምናለቅሰውን ያህል ስለዚህም ማሰብ አለብን።

ስለዚህ እኔ አወቀን አስቀድማለሁ። ቴዎድሮስን አሳንሼ አይደለም፤ የቴዎድሮስ ዓላማ ያለ አወቀ መንገድ የት እንዳደረሰው መቅደላ ስለሚያሳየኝ ነው።

አወቀ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተማረውን ያህል ወሎ በቤቱ ያለው ሀብት እንዳለም ልብ በሉ። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ሲኖሩ አባጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ። ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፣ ካሳ ያስቆርጣሉ፣ ያስምላሉ፣ ይመርቃሉ። ቂመኛው ምርቃቱን ትቶ ጠመንጃውን ቢያነሣ በጎረቤት ዘንድ መቆሚያ ያጣል። አንዱ ቤት ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ቢሆንም እርቁ አይፈርስም። ይህ ያለ ወታደር የሚቆም ሥርዓት ነው። ኅሩይ በመጽሐፋቸው መጨረሻ ያለሙት ጉባኤ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ አወቀ ጉባኤውን አዲስ ነገር እንዲወስን መፈለጉ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቆየውን ይጠብቃል። ወጣቱና ሽማግሌው የሚፈላለጉት እዚህ ላይ ነው። ወጣት ብቻውን ሲሄድ ወደ መቅደላው ጎዳና ይሳባል፤ ሽማግሌ ብቻውን ሲቀር በሬው ለተዝካር መታረዱ ይቀጥላል።

እናንተ ወጣቶች፣ በተለይም መካነ ሰላም በሚገኘው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማሩ፤ ነገ ወረዳ ትመራላችሁ፣ ትዳኛላችሁ፣ ታስተምራላችሁ። በዚህ ዘመን በክልላችን ጠመንጃ ማንሳት ቀሎ፣ ተቀምጦ መነጋገር ከብዷል። «አዲስ ዓለም»ን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ካገኛችሁም ለጓደኛ አውሱ። ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ከመካከላችሁ የሚያገባ ካለ ያለ ዕዳ ይደግስ፤ በሰፈራችሁ የተጣሉ ሰዎች ካሉ ወደ አባጋሮቹ ሂዱና «ከእናንተ ጋር እንቀመጥ» በሉ።