ሦስት መቶ የሠርግ መጥሪያ

እሷ፦ የእህትህን የሠርግ መጥሪያ በእጅህ ስትጽፍ አደርክ?

እሱ፦ ሦስት መቶ ፖስታ! ዝርዝሩ ግን ኤክሴል ላይ ነበር።

እሷ፦ ታዲያ ፖስታው ላይ የሚለጠፈውን ሌብል ዎርድ ይሥራልህ እንጂ። «ሜይሊንግስ» ውስጥ ከ«ስታርት ሜይል መርጅ» ሥር «ሌብልስ»ን መርጠህ የኤክሴሉን ፋይል ታገናኛለህ፤ ከዚያ ማዕረግ፣ ስም፣ ሰፈርና ስልክ ታስገባለህ። «አፕዴት ሌብልስ»ን ካልነካህ የሚሞላው የመጀመሪያው ሌብል ብቻ ነው። ማዕረጉ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ትልቅ ሰው ያለ «አቶ» እና «ወይዘሮ» አይጠራም።

እሱ፦ እውነት ነው። የስልኩ ዜሮ ግን ይጠፋብኛል።

እሷ፦ ኤክሴል እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው ነው። ከመጻፍህ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» አድርገው።

እሱ፦ ወረቀቱስ?

እሷ፦ ብዙ ሌብል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለ 30 ሌብሉ ኤቨሪ 5160 ለአሜሪካ ሌተር ወረቀት የተሠራ ነው፤ ለኤ4 ባለ 21ዱ ኤል7160 አለ። አድማጮቻችን፣ እባካችሁ መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አትሙና ከሌብሉ ጋር ደርባችሁ ብርሃን ላይ እዩት።