ውኃ የሚያንጠባጥበው መኪና
(በኢዮቤልዩ በዓላችን በካርቲየ 1 የቀረበ ንግግር)





እንድንናገር የተሰጠን ርዕስ በሃይድሮጂን ስለሚሄድ መኪና ነው። የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የኢትዮጵያ ነዳጅ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህች ከተማ ወደብ በኩል ያልፋል። ከመካከላችን ስንቱ ቤተሰብ በቦቴና በተሳቢ ሥራ እንደሚተዳደርም እናውቃለን። ስለዚህ የነዳጅ ነገር ሲነሣ የእንጀራችን ነገር ተነሣ ማለት ነው።

መኪናው እንዴት ይሠራል? ቤንዚንና ናፍጣ ሞተር ውስጥ ይቃጠላሉ፤ ሃይድሮጂኑ ግን አይቃጠልም። ከታንኩ ወጥቶ ፊውል ሴል ወደሚባለው ዕቃ ይገባል። በዚያ ፕላቲኒየም የተቀባ ስስ ገለፈት አለ። ፕላቲኒየሙ ሃይድሮጂኑን ፕሮቶንና ኤሌክትሮን አድርጎ ይለያየዋል። ፕሮቶኑ በገለፈቱ ሾልኮ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ መንገድ ስለሚዘጋበት በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። ይህ በሽቦ የሚዞረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ጎማውን የሚያዞረውን ሞተር የሚያሠራውም እርሱ ነው። ከማዶ ሁለቱ ከአየሩ ኦክስጂን ጋር ተገናኝተው ውኃ ይሆናሉ። ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም፤ ከማርሚታው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ነው። በሐምሌ ሙቀት የናፍጣ ጭስ አፍኖት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ በ1839 አሳይቶታል (ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን)። ቶዮታ «ሚራይ» የተባለችውን መኪና ለገበያ ያወጣው በ2014 ሲሆን፣ ወደ 5 ኪሎ ሃይድሮጂን ይዛ፣ በጥቂት ደቂቃ ተሞልታ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች።

ታዲያ ሃይድሮጂኑ ከየት ይመጣል? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ አብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል በመሆኑ፣ ጭሱ ከመንገድ ጠፋ እንጂ ከሰማይ አልጠፋም። ንጹሑ መንገድ ውኃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቅ ነው። ለ1 ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ሊትር ንጹሕ ውኃና ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በዚያ 1 ኪሎ መኪናዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ያው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ቢገባ ግን ትንሽ መኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳል። የውኃው ጉዳይም አለ፤ ጅቡቲ ከምትጠጣው ከፊሉን ከኢትዮጵያ ድረስ በቧንቧ የምታስመጣ አገር ስለሆነች፣ ሃይድሮጂን እናምርት ከተባለ ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለካርቲየ 1 ታክሲ ባትሪ ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን። ኢትዮጵያም በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል የመረጠችው የባትሪውን መንገድ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ትገዛለች፤ የአዲስ አበባ ባቡርም ከ2018 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይመላለሳል። በጉበት በ2023 የተመረቀው 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ተጨምሮበታል። ሃይድሮጂን ተስፋ ያለው በረጅም መንገድ ከባድ መኪናዎችና በመርከብ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ባትሪው እየተፎካከረው ይገኛል።

ወደ ጋላፊ የምትወጡ ወንድሞቻችን «ቦቴው ይቀራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። የናፍጣ ከባድ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። የቤንዚኑ ጭነት ግን በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና በበዛ ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። ልጆቹን መካኒክነት የሚያስተምር ወላጅ ካለ፣ ከፖምፓና ከዘይት ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ ትምህርት እንዲያስጨምር ከአሁኑ እንመክራለን።