መንገዱ ሲሰፋ እኛ የት ነበርን?

(የሥራ አመራር ኮሚቴው በ10ኛው ዓመት በዓል ላይ ለአባላት ያሰማው ንግግር)



 ስለ ማኅበሩ የሥራ ክንውን የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፣ እኛ የተሰጠንን ጥቂት ደቂቃ ስለ ሁለት መንገዶች ልናደርገው ወደናል። ለበዓል የሚሆን ነገር አይደለም የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ባለፈው ስብሰባችን ስለ ሬይኒየር ጎዳና ተነሥቶ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

አዲስ መጤዎች ላታውቁ ስለምትችሉ ከማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1996 የሲያትልና የአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ለቀላል ባቡር ግብር ለመክፈል ተስማማ። ባቡሩ በመሀል ከተማ በዋሻ፣ በቢከን ኮረብታም ሥር በዋሻ እንዲያልፍ ታቀደ። እኛ ወዳለንበት ሸለቆ ሲደርስ ግን ከመንገዱ ወለል ላይ፣ መሀል ለመሀል እንዲሄድ ተወሰነ። ለሁለት ሐዲድና በየወገኑ ለሁለት የመኪና መስመር የሚበቃ ቦታ ለማግኘት መንገዱን ማስፋት፣ የሱቆችንም የፊት ለፊት ቦታ መቁረጥ ግድ ሆነ።

ነዋሪው ያን ጊዜ በብርቱ ተከራከረ። «ለሌላው ሰፈር ዋሻ፣ ለድሀውና ለስደተኛው ሰፈር የመንገድ ላይ ሐዲድ ለምን?» የሚሉት ወገኖች «ሸለቋችንን አድኑ» የሚል ቡድን አቁመው በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ከሳሾቹ በጠቀሱት የመድልዎ መከላከያ ደንብ ግለሰቦች መክሰስ አይችሉም ሲል ወሰነባቸው። ሌሎች ደግሞ መኪና የሌለው ሠራተኛ ባቡር ያስፈልገዋል፤ ዋሻ ይሁን እያልን ጭራሽ እንዳናጣው ይሉ ነበር። ዛሬ ወደ አየር ማረፊያው ለሌሊት ሥራ የምትሄዱ ይህን ክርክር ስሕተት ነበር አትሉትም፤ እኛም አንልም።

ቁፋሮው ዓመታት ፈጀ። ባቡሩ በሐምሌ ወር 2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከመሬት በታች ገባ፤ የእግረኛውም መንገድ ታደሰ። ነገር ግን ሐዲዱ መሀሉን ስለያዘው፣ መብራት ካለበት በቀር ወደ ግራ መታጠፍ ቀረ። ከአባሎቻችን አንዱ «ደንበኛዬ ሱቄን እያየ አልፎኝ ይሄዳል፤ ዞሮ ለመመለስ ይሰለቻል» ይል ነበር። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ዘመዶቻችሁ ከወዲህ ማዶ ወዲያ ማዶ ለመሻገር ስንት እንደሚዞሩ የጻፉላችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል።

ስለ ካሣው ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር ይጠቅማል። የፌዴራሉ ሕግ ከቦታው ለሚነሣ ሰው፣ ባለቤት ቢሆን ተከራይ፣ የመዛወሪያ እርዳታ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሳይነሣ ባለበት ቁጭ ብሎ ገበያው ለደረቀበት ነጋዴ ግን ይህ ሕግ ብዙም አይደርስለትም። ለሸለቆው የ50 ሚሊዮን ዶላር የልማት ገንዘብ የተቋቋመው ነዋሪው አጥብቆ ስለ ጮኸ ነው። ከዚህም ቢሆን ለመጠየቅ ኪሣራን በወረቀት ማሳየት ይፈልግ ነበር። የሽያጭ ደብተር የሌለው፣ የኪራይ ውሉ በቃል የሆነ፣ ግብሩን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው «ይህን ያህል አጣሁ» ቢል ምን ይዞ ይቅረብ? እዚህ ላይ ራሳችንን መውቀስ አለብን። ያን ጊዜ ማኅበር አልነበረንም። ስብሰባ ሲጠራ ጥሪውን አናነበውም ነበር፤ ብናነበውም «ለእነሱ ነው» ብለን እንተወው ነበር።

አሁን ወደ ሬይኒየር ጎዳና እንመለስ። በ2015 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ሲቲ በኩል አራቱ መስመር ወደ ሁለት ዝቅ ብሎ መሀሉ የመታጠፊያ ሆነ፤ ምክንያቱም የአደጋው ብዛት ነበር። ቆይቶም በሰሜኑ በኩል ለአውቶቡስ ብቻ የሆነ መስመር ተሠመረ። ከእኛ መካከል ምግብ ቤትና ሱቅ ያላቸው «መኪና ማቆሚያው ይስፋ፣ መስመሩም ይመለስ» ይላሉ። ታክሲ የሚነዱትም ይደግፏቸዋል። በ7 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረው አረጋውያን ለመንከባከብ የሚሄዱ እናቶች ደግሞ መስመሩ እንዳይነካባቸው ይለምናሉ።

ኮሚቴው ራሱ በአንድ ድምፅ አልተስማማም። የአብዛኞቻችን አስተያየት ግን ይህ ነው። ጎዳናውን ለመኪና ማስፋት ማለት ዞሮ ዞሮ የሱቆቻችንን ደጃፍ መቁረጥ ማለት ስለሆነ፣ አሳባችሁን በሚገባ ሳታጤኑ አትጠይቁት። የአውቶቡሱ መስመር ይቆይ። በምትኩ አጥብቀን መያዝ ያለብን ዕቃ የሚራገፍበትን ቦታና ሰዓት ነው። ጤፍና ሥጋ ጭኖ የመጣ መኪና ለ20 ደቂቃ የሚቆምበት ካጣ፣ ደንበኛ በባቡርም በአውቶቡስም ቢመጣ የሚበላው አያገኝም! ይህን ያልተቀበላችሁ ወንድሞች ተቃውሟችሁን እንደ ራሳችሁ አሳብ አድርገን አብረን እናቀርባለን፤ አንደብቀውም።

ከቡናው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ይቀመጣል። ሱቅ ያላችሁ፣ ዕቃ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚደርሳችሁ፣ ውላችሁ መቼ እንደሚያበቃ አስመዝግቡ። አውቶቡስ የምትሳፈሩ፣ ከየት ወደ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትነሡ ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት፤ ልጆቻችን ሊተረጉሙት ቃል ገብተዋል። የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ ሁለት አባላትም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቢሯችን ይገኛሉ፤ ደረሰኞቻችሁን በከረጢትም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።